የቆየ የታሪክ መጽሐፍ ለወጣት አንባቢ

መገናኛ የምሥራቅ አዲስ አበባ መንገዶች የሚገጥሙበት፣ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህም የከተማው ቀላል ባቡር የሚያልፍበት ሥፍራ ነው። ከሥራና ከትምህርት የሚመለስ ወጣት ታክሲ ሲጠብቅ ከአዟሪ እጅ የሚገዛው የቆየ የታሪክ መጽሐፍ አንዳንድ ጊዜ ከሌላ ቅጅ የተባዛ ስለሚሆን፣ የታተመበት ዘመንና ማተሚያ ቤት አይታወቅም። ጉድለቱ ቀላል ቢመስልም፣ መጽሐፉ በማንና መቼ እንደ ተጻፈ ካልታወቀ ሙገሳውን ከምስክርነቱ ለመለየት ያስቸግራል።

ለዚህም ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የተጻፉ ሁለት ሥራዎች በቂ ማስረጃ ናቸው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ዳግማዊ አጤ ምኒልክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1901 ዓ.ም. በሮም ሲያሳትሙ ንጉሠ ነገሥቱ ገና በሕይወት ነበሩ። መጽሐፉ በቋንቋው ውበት የተደነቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ምኒልክን ከፍ ለማድረግ ሲል ከእርሳቸው በፊት የነገሡትን ዐፄ ቴዎድሮስንና ዐፄ ዮሐንስን ዝቅ ያደርጋል። ብዙም ሳይቆይ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ በ1912 እ.ኤ.አ. በአሥመራ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተሰኘው ጽሑፋቸው፣ ታሪክ ጸሐፊ ሊያዳላ እንደማይገባው አስገንዝበው ይህንኑ አድልዎ ነቀፉ። ሁለቱን በተከታታይ ያነበበ ወጣት ያን ዘመን በራሱ ሚዛን ለመመዘን ይችላል፤ አንዱን ብቻ ያገኘ ግን የጸሐፊውን ፍርድ የራሱ አድርጎ ይቀራል።

ሁለቱንም ለማግኘት ፍለጋው ከገበያው አልፎ ወደ ቤተ መጻሕፍት መዝለቅ አለበት። ከመገናኛ በታክሲ ተሳፍሮ አራት ኪሎ የወረደ አንባቢ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ያገኛል። ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጣ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ይገኛል። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውና በወመዘክር ስም የታወቀው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም የቆዩ ኅትመቶች ማኅደር ነው። የገብረ ሕይወት ሥራዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በድጋሚ ስለታተሙ፣ የመጀመሪያው ኅትመት ያልተገኘለት አንባቢ በእነዚህ ሊጀምር ይችላል።

ቀንና ፊርማ የሌለው ንድፍ ለግንባታ እንደማይበቃ መሐንዲስ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ለታናሽ ወንድሙ ወይም ለልጁ የቆየ መጽሐፍ የሚመርጥ ባለሙያ የጸሐፊውን ማንነትና የኅትመቱን ዘመን አጣርቶ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቢጽፍለት፣ ስለዚያው ጉዳይ በሌላ ወገን የተጻፈውንም አብሮ ቢሰጠው፣ ንባቡ በጥሩ መሠረት ላይ ይቆማል።