የጉርድ ሾላው ማኅደር

ጽሑፍ መጻፍ አንድ ሥራ ነው፤ የተጻፈው በፈላጊው እጅ እንዲገባ ማድረግ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። በዘመናችን በኢንተርኔት የሚጽፉት ጦማርያን ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ አብዝተው ይጨነቃሉ። አርእስቱ እንዴት ቢሆን፣ የትኛው ቃል ቢገባበት ጎግል ከፊት ያወጣዋል እያሉ ይመክራሉ። ብዙዎቹም ይህ ጥበብ ከጎግል ጋር በ1998 የተወለደ ይመስላቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኛ ግን ነገሩን ወደ ኋላ ተመልሰን ስንመረምረው፣ ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጉርድ ሾላ፣ ሲሠራበት እናገኘዋለን።

በ1974 የአፍሪካ የከብት እርባታ ምርምር ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ይህ ማዕከል ስለ ላሙና ስለ በጉ፣ ስለ ግጦሹና ስለ በሽታው ከመመራመሩ ጋር አንድ ሌላ ችግር ገጠመው። በአፍሪካ አገሮች ስለ ከብት የተጻፈው ዕውቀት አብዛኛው በመጽሐፍ የታተመ አልነበረም። በጽሕፈት መኪና በጥቂት ቅጂ ተመትቶ በየመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ሪፖርት ነበር። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ምስጥ ይበላዋል፤ ጸሐፊው ሲዛወር የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይታጣል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ያንኑ ነገር እንደገና ለማጥናት አዲስ ገንዘብ ይመደባል።

ስለዚህ የማዕከሉ ሠራተኞች ወደየአገሩ እየሄዱ እነዚህን ሪፖርቶች በማይክሮፊሽ አነሡ። ማይክሮፊሽ ከፖስታ ካርድ የማይበልጥ ፊልም ሲሆን፣ በአንዱ ላይ እስከ 98 ገጽ ድረስ ይሰፍርበታል። እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን ፊልሙ አይደለም። ለየአገሩ የተነሣው ጽሑፍ ምን ምን እንደ ሆነ የሚያመለክት ዝርዝር በመጽሐፍ መልክ መታተሙ ነው። ዝርዝሩ ባይኖር ኖሮ ሪፖርቱ ከአንድ ሣጥን ወጥቶ ወደ ሌላ ሣጥን ገባ ከማለት በቀር የሚባል ነገር አልነበረም።

ዝርዝር አዘጋጅ ቁጭ ብሎ የሚያስበው ምንድን ነው? ጸሐፊው «የቀንድ ከብት» ብሎ የጻፈውን አንባቢ «ላም» ብሎ ሊፈልገው ይችላል፤ አንዱ «ዘላን» ያለውን ሌላው «አርብቶ አደር» ይለዋል። ስለዚህ አዘጋጁ በሁለቱ መካከል ቆሞ፣ ፈላጊው በየትኛው ቃል ይመጣ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1980ዎቹ መጀመሪያ አግሮቮክ የተባለውን የቃላት መዝገብ ያዘጋጀው ለዚሁ ጉዳይ ነው። የዛሬው ጦማሪ «ቁልፍ ቃል» የሚለውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የቀድሞው ሠራተኛ ለሌላው ጽሑፍ ሲደክም፣ ጦማሪው ለገዛ ራሱ ጽሑፍ መድከሙ ነው።

በ1994 የአዲስ አበባው ማዕከልና በናይሮቢ የነበረው የከብት በሽታ ምርምር ቤት ተዋሕደው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ሆኑ። የጉርድ ሾላው ግቢም የአዲሱ ተቋም አንድ ዋና ማዕከል ሆኖ ቀረ። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ መላ አገኙ። አንድ ገጽ ምን ያህል ሌሎች ገጾች እንደሚያመለክቱትና አመልካቾቹም ምን ያህል ክብር እንዳላቸው በመቁጠር ደረጃ ይሰጡት ጀመር። ሊቃውንት አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እየጠቀሱ የሚከባበሩበት ልማድ ነው ለዚህ መሠረት የሆነው። ከዚያ በፊት ግን በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም አንድን ቃል መቶ ጊዜ እየደጋገሙ መኪናውን የሚያታልሉ ነበሩ። ማታለሉ በሌላ መልክ ቢቀጥልም፣ ጎግል በ2011 ፍሬ ቢስ ገጾችን ወደ ኋላ የሚጥል ደንብ አወጣ።

በዚህ መካከል ተቋሙ የምርምር ጽሑፎቹን በአንድ የኢንተርኔት ጎተራ ሰብስቦ ስሙን «ማኅደር» አለው። የብራና መጽሐፍ የሚከተትበት፣ በማንገቻውም በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቆዳ ከረጢት ማኅደር እንደሚባል አንባቢ ያውቃል፤ ከዚህ የተሻለ ስም ሊገኝለት አይችልም ነበር። በማኅደር የገባ ጽሑፍ ሁሉ አርእስቱ፣ ጸሐፊው፣ ዘመኑ፣ አገሩና ቁልፍ ቃሎቹ ይመዘገቡለታል፤ የማይለወጥ አድራሻም ይሰጠዋል። አድራሻው የሚለዋወጥ ገጽ ያመለከቱትን ሁሉ ባዶ ቤት ያስገባቸዋልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጦማሩ ላይ የሚወጣው አጭር ዜና ደግሞ አንባቢውን ወደ ሙሉው ጽሑፍ ይመራዋል። በኋላም ሌሎች የምርምር ማዕከሎች ስለ ገቡበት ጎተራው ሲጂስፔስ ተባለ።

ስሙ በላቲን ፊደል ይጻፍ ስለ ነበር ከሦስቱ «ሀ» የትኛው እንደሚገባው የጠየቀ አልነበረም። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ግን ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። አንዱ «ማኅደር»፣ ሌላው «ማሕደር»፣ ሦስተኛው «ማህደር» ይላል። በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ሲመዘገብ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ስለ ተሰጠው፣ ለጆሮ አንድ የሆነው ቃል ለኮምፒዩተር ሦስት ቃል ነው። «በማኅደሩ»፣ «የማኅደር»፣ «ማኅደሮች» ሲጨመሩበት ደግሞ ቁጥሩ ይበዛል። የሰፈሩን ስም እንኳ «ጉርድ ሾላ» ብሎ ለይቶ የሚጽፍ አለ፤ «ጉርድሾላ» ብሎ የሚያጣብቅም አለ።

ለዚህ ሲባል ፊደል ይቀነስ የሚለውን ሐሳብ እኛ አንቀበለውም። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ መቍጠር ለኮምፒዩተር ሰው አስቸጋሪ ሥራ አይደለም፤ የአማርኛን ጽሑፍ በኮምፒዩተር የሚመረምሩ ሊቃውንትም ይህን ያዘወትሩታል። እስከዚያው ድረስ ጦማሪው የተመረጠውን አጻጻፍ በአርእስቱ አድርጎ፣ ሕዝብ የሚያዘወትረውን ሌላውን አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ቢጠቅስ የሚጎዳው ነገር የለም። ጽሑፉን በሥዕል መልክ አንሥቶ መለጠፍ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ፊደሉን አንጥሮ የሚያወጣለት ከሌለ በቀር ፈላጊው መኪና የሚያየው ሥዕል ብቻ ነውና።

የጉርድ ሾላው ጎተራ የያዘው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። በየወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት በአማርኛ ተጽፎ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ሪፖርት ግን፣ ያን ጊዜ በካሜራ ሊያነሡት እንደ መጡት ያለ ሰው ይፈልጋል።