ጌሙ ነው ወይስ ጓደኛው? ሰውን በኦንላይን ጌም ለዓመታት የሚያቆየው ነገር ታሪክ

ጫግኒ ላይ ከዒሻ በኋላ በሱቅ በረንዳ ተደርድረው፣ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የተቀመጡ ልጆችን ማየት አዲስ ነገር አይደለም። አንዱ «ሸፍነኝ!» ይላል፤ ሌላው «ወደቅኩ፣ አንሱኝ!» ብሎ ይጮኻል። ፐብጂ ወይም ፍሪ ፋየር መሆኑን ስክሪኑን ሳያዩ ማወቅ ይቻላል። በዚያ የሚያልፉ አባቶች የሚጠይቁት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይሄ ነገር አይሰለቻችሁም እንዴ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ደስ ያለን ፊልም እንኳ ሦስቴ ከታየ ይሰለቻል። ያው ካርታ፣ ያው መሣሪያ፣ ያው ውጊያ ታዲያ እንዴት አድርጎ ሰውን ለዓመታት ይይዛል? መልሱ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ አለው። ያን ታሪክ ያወቀ ወጣት በገዛ ስልኩ ላይ ማን ምን እየሠራበት እንደሆነ ይገባዋል።

ሥዕል አልባው ጌም

እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ አገር፣ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾ የተባለ ተማሪ «መድ» የተሰኘ ጌም መጻፍ ጀመረ። በኋላ ጓደኛው ሪቻርድ ባርትል ተረክቦ አሳደገው። ጌሙ ሥዕልም ድምፅም አልነበረውም። ተጫዋቹ ወደ ሰሜን መሄድ ሲፈልግ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የደረሰበትን ቦታ በጽሑፍ ይነግረዋል። አዲስ የነበረው ነገር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እዚያው ዓለም ውስጥ መገናኘቱ ነው።

ባርትል ተጫዋቾቹን ለዓመታት ሲከታተል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ጽሑፍ በአራት ከፈላቸው። አንደኛው ደረጃና ሀብት ሰብሳቢ ነው። ሁለተኛው ያልታየ ቦታ ፈላጊ ነው። ሦስተኛው የሚመጣው ለወሬና ለጓደኛ ነው። አራተኛው ሌላውን ካላሸነፈ ደስ የማይለው ነው። ትልቁ ትምህርት ያለው አራቱ እርስ በርስ በመፈላለጋቸው ላይ ነው። ደረጃ ሰብሳቢው ደረጃውን የሚያይለት ሰው ይፈልጋል፤ አሸናፊው የሚሸነፍለት ያስፈልገዋል። አሸናፊዎቹ ከልክ በላይ ሲበዙ ግን ሌሎቹ ተማረው ይወጣሉ፤ ዓለሙም ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጌሙን ያቆመው ሰው ነበር።

ፈዋሹ ከቀረ

እ.ኤ.አ. በ1999 ኤቨርክዌስት የተባለ ጌም ወጣ። ሠሪዎቹ ኃይለኛ ጠላቶችን ማንም ብቻውን እንዳያሸንፋቸው አድርገው አበጇቸው። አንዱ ፊት ቆሞ ይመክታል፣ ሌላው ያጠቃል፣ ሌላው የቆሰለውን ይፈውሳል። ፈዋሹ ያን ማታ ከቀረ የሁሉም ማታ ተበላሸ ማለት ነው። ተጫዋቾች በየቡድናቸው ተደራጁ፤ ሰዓት ተቀጣጠሩ። እንቅልፋቸውን ያጡም ስለነበሩ ጌሙን በአደንዛዥ ዕፅ ስም እያጣመሙ እስከመጥራት ደረሱ። ያ ጌም 25 ዓመት አልፎትም ዛሬ ድረስ ይሠራል። ሥዕሉ ከዘመኑ ጌሞች ጋር ቢወዳደር የሚያስቅ ነው፤ ሰዎቹ የሚመለሱት ግን «ዛሬ ካልገባሁ እነ እገሌ ይቸገራሉ» ብለው ነው።

ቅጣቱ ሽልማት ሲሆን

እ.ኤ.አ. በ2004 ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት መጣ፤ በ2010 የከፋዮቹ ቁጥር 12 ሚሊዮን ደረሰ። ጌሙ ገና በሙከራ ላይ ሳለ ሠሪዎቹ ሰው ከልክ በላይ እንዳይጫወት አሰቡ። ረጅም ሰዓት የቆየ ተጫዋች የሚያገኘው ነጥብ በግማሽ እንዲቀንስ አደረጉ። ተጫዋቾቹ ተቆጡ። ሠሪዎቹም ሒሳቡን በቁሙ ትተው ስሙን ብቻ ቀየሩት። የቀድሞውን ሙሉ ነጥብ «አርፎ ለመጣ የሚሰጥ እጥፍ ጉርሻ» አሉት፤ ግማሹን ደግሞ መደበኛ ነጥብ አሉት። ቁጥሩ ያው ነው፤ ተጫዋቹ ግን ተደሰተ።

ይህን ቀላል ነገር አድርገን እንዳናየው። የጌም ሠሪዎች ሰው ከሚያገኘው ነገር ይልቅ ነገሩ የቀረበለት መንገድ እንደሚገዛው የተማሩበት ነው።

ነፃ ጌም በስልክ

ፍሪ ፋየር እ.ኤ.አ. በ2017፣ የስልኩ ፐብጂ ደግሞ በ2018 ወጣ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ፍሪ ፋየር በርካሽ ስልክም ይሠራል። የድሮዎቹ ጌሞች ወርኃዊ ክፍያ ነበራቸው። የነፃ ጌም ገቢ ግን አንተ በየቀኑ በመመለስህና አንድ ቀን ዳይመንድ ወይም ስኪን በመግዛትህ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ በጓደኝነት ላይ ሌሎች ገመዶች ተጨመሩ።

አንደኛው የዕለት ስጦታ ነው። ሰባት ቀን ሳታቋርጥ ከገባህ ትልቁን ታገኛለህ፤ አንድ ቀን ከቀረህ ያልፍሃል። ሁለተኛው የሲዝን ፓስ ነው። ከፍለህበታል፤ ቀኑ ሳያልቅ ካልጨረስከው የከፈልከው ይባክናል። ሦስተኛው ምን እንደሚወጣ የማይታወቀው ሳጥን ነው።

የሳጥኑ ነገር ከጌም በፊትም ይታወቃል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ.ኤፍ. ስኪነር ርግቦች አንድ ቁልፍ በመንቁራቸው ሲመቱ እህል እንዲያገኙ አደረገ። እህሉ በስንተኛው ምት እንደሚመጣ ማወቅ የማትችለው ርግብ ያለማቋረጥ ትመታለች፤ እህሉ ከተቋረጠ በኋላም ቶሎ አታቆምም። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚገዙ እንዲህ ያሉ ሳጥኖችን ቁማር ናቸው ብሎ የወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቁማርን የሚሸሽ ወጣትም ስሙ ስለተቀየረ ብቻ ሳጥኑን ሳይመረምር መክፈት የለበትም።

የእንጅባራው ፈረስ

ሰውን በጨዋታ ለትውልድ ያቆየ ነገር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከጫግኒ እንጅባራ መድረስ ይበቃል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ገና ከአገር ሳይወጣ ማለት ነው። በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞች እያሰበ ዛሬም ጥር 23 በመጣ ቁጥር ፈረሰኛው በሺዎች ይሰበሰባል፤ ሽምጥ ይጋልባል፣ ጉግስ ይጫወታል።

ጉግስ በየዓመቱ ያው ጉግስ ነው። አዲስ ሲዝን የለውም፤ ሳጥንም የለውም። ከ80 ዓመት በላይ ያቆየው ግን ማኅበሩ ከሜዳው ውጭም ማኅበር መሆኑ ነው። አባል ሐዘን ሲደርስበት ፈረሰኛው ይመጣል፤ ሠርግ ሲኖርም ይመጣል፤ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይቀመጣል። ልጁ የአባቱን ፈረስ ሲረከብ አባቱ የነበሩለትን ሰዎችም አብሮ ይረከባል።

ራስህን መዝንበት

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ዘለቀ። ብዙ የባሰ ነገር በነበረበት ጊዜ ስለ ጌም ማውራት ቀላል ይመስላል። ግን ያኔ ትጫወት ከነበረ አንድ ነገር አስታውስ። የዕለት ስጦታው ተቋረጠ፣ ሲዝኑ አለፈ፣ ራንኩ ወረደ። ከዚያ ሁሉ የቀረልህ ምን ነበር? ከስኳድህ ውስጥ ደጃፍህ ድረስ መጥቶ «ደህና ነህ ወይ?» ያለህ ሰው ካለ፣ ጌሙ ጓደኛ አትርፎልሃል። ማንም ከሌለ ግን ይዞህ የነበረው ቆጣሪው ነው።

ዛሬም ስልክህን ስታነሳ ይህንኑ ጠይቅ፦ ዛሬ ብቀር የሚፈልገኝ ሰው ነው ወይስ ኖቲፊኬሽን? ሰው ከሆነ ቀጠሮ ያዙ፤ ሁለት ጨዋታ ተጫወቱና በጊዜ ተለያዩ፤ ነገ ደግሞ ሻይ ላይ ተገናኙ። ኖቲፊኬሽን ከሆነ ግን ዛሬውኑ አጥፋው። የዕለት ስጦታው ይለፍህ። ከሦስት ቀን በኋላ ስጦታው ምን እንደነበር እንኳ አታስታውሰውም።