የአንድ ተጠቃሚ ዳታቤዝ

የአንድ ተጠቃሚ ዳታቤዝ አንድ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻውን የሚሠራበት የመረጃ ቋት ነው። መረጃው ሲበዛ የሶፍትዌሩ ምርጫ ወሳኝ ይሆናል።

የዳባት ምሳሌ

በሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ የሚገኘው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1996 ተመሠረተ። ጣቢያው በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባል። ቤተሰቦች በተደጋጋሚ ስለሚጎበኙ መዝገቡ በየዙሩ ያድጋል፤ ሰው፣ ቤትና ክስተትም በመለያ ቁጥር መያያዝ አለባቸው። ከእንዲህ ዓይነት መዝገብ ተቀንሶ የተሰጠውን መረጃ ብቻውን ለሚያጠና ተመራማሪ ኤክሴል አይበቃውም፤ አንድ የኤክሴል ገጽ ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይይዝም።

አማራጮች

ማይክሮሶፍት አክሰስ፦ የመመዝገቢያ ቅጽ ለማዘጋጀት ይመቻል፤ አንዱ ፋይል ግን ከ2 ጊጋባይት አያልፍም።

ኤስኪውላይት፦ ነፃ ነው፤ መረጃውን በሙሉ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል። በምዝገባ መሃል መብራት ቢጠፋ ያልተጠናቀቀውን ለውጥ ሰርዞ ወደ ቀድሞው ይመልሳል።

ዳክዲቢ፦ ነፃ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ረድፎችን ለመደመርና ለማነጻጸር ፈጣን ነው።

ፖስትግሬስ፦ ነፃ ቢሆንም ሰርቨር ስለሆነ ተከላውና ጥበቃው ይከብዳል፤ ወደፊት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት ከሆነ ይመረጣል።

ጥንቃቄ

በፍለጋ ጊዜ የሚዘገይ ዳታቤዝ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ኢንዴክስ ነው፤ ስለዚህ ሶፍትዌር ከመቀየር በፊት እርሱን ማየት ይገባል። የትኛውም ቢመረጥ ቅጂው በሌላ ዲስክ መቀመጥ አለበት። ዲስክ በሌላ ይተካል፤ ያለፈ ዓመት ጉብኝት ግን አይደገምም።