የቦረና ቱላዎችና የውኃ ተራ

ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ በአብዛኛው በማይገኝበት በቦረና ቆላ፣ የአርብቶ አደሩ ኑሮ ለብዙ መቶ ዓመታት የተመሠረተው ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ላይ ሲሆን፣ ዱብሉቅ፣ ዌብና ዳስ ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ከብቶቹ ተቆፍሮ በተዘጋጀው ቁልቁለት ወደ ገንዳው ሲወርዱ፣ ሰዎች ከጉድጓዱ ወለል አንሥቶ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው በዜማ እየተቀባበሉ ውኃውን ያወጣሉ፤ ዜማው የእጆችን ምት የሚያስማማ የሥራ መሣሪያ ነው።

ከድካሙ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሕጉ ነው። ኮንፊ፣ ማለትም የጉድጓዱ ቆፋሪ ወይም ወራሹ፣ የቅድሚያ መብት ቢኖረውም ውኃውን ሊሸጠው አይችልም፤ የዕለቱን ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ የሚባለው ኃላፊ ነው። በበጋ ከብቶች በየሦስተኛው ቀን ብቻ እንዲጠጡ መደረጉ ለጉድጓዱ መልሶ የመሙያ ጊዜ ከመስጠቱም በላይ፣ መንጋው ራቅ ብሎ እንዲግጥ ያስችላል።

ይሁን እንጂ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው የግጦሽ መሬት ልማት በዝናብ ወቅት ብቻ ይጋጡ በነበሩ ሜዳዎች ላይ ኩሬዎችን በማስቆፈሩ፣ ቀድሞ በውኃ እጦት ምክንያት በበጋ ያርፍ የነበረው ሣር ዕረፍት አጣ።