ከደቻቱ ማዶ፡- በመጋላ የአንድ ቀን ቆይታ

ለስብሰባ፣ ለሥልጠና ወይም ለመስክ ሥራ ወደ ድሬዳዋ የሚጓዝ የመንግሥት ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በከዚራ ነው። ሆቴሉም፣ አዳራሹም፣ የዛፍ ጥላውም ያሉት በዚያው በመሆኑ ስብሰባው ሲጠናቀቅ የሚተርፈውን አንድ ቀን ብዙዎች ወደ ሐረር ለመውጣት ይጠቀሙበታል። ሐረር መታየት ያለባት ከተማ መሆኗ አያጠያይቅም። ይሁንና ከከዚራ በባጃጅ የጥቂት ደቂቃዎች መንገድ ብቻ የሆነችውን መጋላን ሳያዩ የሚመለሱት ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ይህ ጽሑፍ ያን አንድ ቀን በመጋላ ለማሳለፍ ለሚሹ በአካባቢው ስለሚታየው፣ ስለሚበላውና መታወቅ ስለሚገባው ጉዳይ መጠነኛ ማብራሪያ ያቀርባል።

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 515 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ቆላማ ከተማ ናት። በመካከሏ የሚያልፈውና ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በስተምዕራብ ከዚራ፣ በስተምሥራቅ መጋላ ናቸው።

መጋላ የሚለው ቃል በአካባቢው ቋንቋዎች የጋራ ነው። በሶማሊኛና በአፋን ኦሮሞ ከተማ ማለት ሲሆን፣ በሐረሪ ቋንቋ ደግሞ ገበያን ያመለክታል። በሐረር ጀጎል የሚገኘው ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ ማለት መሆኑ ይታወቃል። ከደቻቱ ማዶ ያለው መንደር ግን ሁለቱንም ትርጉም አሟልቶ የያዘ ነው ማለት ይቻላል፤ ከተማም ገበያም ነውና።

የመጋላን አመጣጥ ለመረዳት የባቡሩን ታሪክ ማስታወስ ያሻል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ መስመሩን በሐረር በኩል ለማሳለፍ ነበር። ተራራው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ ግን ሐዲዱ በግርጌው እንዲያልፍ ተወሰነ፤ አዲሱ ጣቢያም አዲስ ሐረር የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። ኩባንያው በገንዘብ እጥረት ሥራውን ለመቀጠል ባለመቻሉ በሌላ ኩባንያ ተተካና ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሆነ።

በእነዚህ 14 ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የባቡሩ መጨረሻ ድሬዳዋ ነበረች። ከጅቡቲ ወደብ የመጣ ጨርቅ፣ ጨውና ብረታ ብረት ከፉርጎ የሚራገፈው፣ ከደጋ የመጣ ቡናና ቆዳ የሚጫነው በዚሁ ነበር። ሸቀጡን ወደ መሐል አገር የሚያደርሰው የግመልና የበቅሎ ጭነት የሚነሳውም ከዚሁ ነው። ጫኚ፣ አውራጅ፣ ደላላ፣ ምግብ ሻጭና ነጋዴ አንድ ቦታ ሊያርፍ ግድ ነውና ከወንዙ ማዶ ሰፈረ። የሶማሌው፣ የኦሮሞው፣ የሐረሪው፣ የየመን ዓረቡና የሕንዱ ነጋዴ መጋላን የመሠረቱት በዚህ አኳኋን ነው። በኋላም አማራው፣ ጉራጌውና ሌሎችም ተጨምረውበታል።

ልዩነቱ እስከ ዛሬ በዓይን ይታያል። ከዚራ በፈረንሳዮቹ የባቡር ኩባንያ መሐንዲሶች በገመድ ተለክቶ የተሠራ ሰፈር በመሆኑ መንገዶቹ ቀጥ ያሉና በዛፍ የታጀቡ ናቸው። መጋላን ግን የሠራው ነዋሪው ራሱ ነው። መንገዶቹ ይጠማዘዛሉ፣ ይጠባሉ፣ አንዳንዶቹም ከሰው ግቢ ደጃፍ ላይ ያበቃሉ። እንግዳ መንገድ ቢጠፋበት የሚያሳፍር አይደለም፤ ከሚያገኛቸው ልጆች አንዱ እየመራ ያወጣዋል።

ጉብኝቱን በማለዳ መጀመር ይመከራል፤ ከረፋዱ በኋላ ሙቀቱ ይበረታልና። ከከዚራ ተነስቶ የደቻቱን ድልድይ የተሻገረ ሰው ብዙም ሳይርቅ የሚያገኘው ቀፊራን ነው። በቅስት በሮቹ የሚታወቀው ይህ ገበያ የምሥራቁን ክፍል የደጋና የቆላ ምርት በአንድ ላይ ለማየት ከሚያስችሉ ስፍራዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ከሐረርጌ ደጋ የሚወርዱት የኦሮሞ ገበሬዎች ድንች፣ ሽንኩርትና ቅጠላ ቅጠል ይዘው ይመጣሉ። ከቆላው የሚመጡት የሶማሌ አርብቶ አደር ሴቶች ወተት፣ ቅቤና ዕጣን ያቀርባሉ። ከኤረር አካባቢ ብርቱካንና ሎሚ፣ ከባሕር ማዶ ደግሞ ቴምር ይመጣል። በርበሬው፣ እርዱ፣ ሄሉና ቀረፋው በጆንያ አፍ ተከምሮ ስለሚታይ ገበያው ከመታየቱ በፊት ይሸታል።

በቀፊራ አንዲት ሻጭ ከአንድ ደንበኛ ጋር በሶማሊኛ የጀመረችውን ክርክር ከሌላው ጋር በአፋን ኦሮሞ ቀጥላ ከሦስተኛው ጋር በአማርኛ ስትቋጭ መስማት የተለመደ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በድሬዳዋ አስተዳደር 341 ሺህ 834 ነዋሪዎች እንዳሉ የተመዘገበ ሲሆን፣ ከእነዚህም 233 ሺህ 224ቱ የከተማ ነዋሪዎች ነበሩ። ቆጠራው ኦሮሞውን፣ ሶማሌውን፣ አማራውንና ሌላውን በየመደቡ አስፍሮታል። በገበያው መሐል የቆመ ሰው ግን መደቡን ከንግግሩ ለመለየት ይቸገራል። ፎቶግራፍ ለማንሳት የሚፈልግ አስቀድሞ ማስፈቀድ ይገባዋል፤ በተለይ ሴቶች ሳይጠየቁ ሲነሱ ቅር ይሰኛሉ፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነው።

ቁርስን በሆቴል ሳይሆን በመጋላ ማድረግ የተሻለ ነው። ፉል፣ ፈጢራ፣ ሳምቡሳና ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ዱቄት የሚጠበሰው ባጊያ በየበረንዳው ይገኛሉ። ከደጃፍ ላይ ምጣድ ጥደው የሚጠብሱትን እናቶች «እናቴ» ብሎ ሰላምታ ያቀረበ ከትኩሱ ይደርሰዋል። የግመል ወተት ለማያውቀው እንግዳ ጥቂት ጨዋማና ጭስ ጭስ የሚል ስለሚሆን በትንሹ መጀመር ይበጃል። ከቡና ገለባ ወይም ቅጠል የሚፈላውና ከወተት ጋር የሚጠጣው ሆጃ ደግሞ ቡናን ፍሬውን ብቻ አድርጎ ለሚያስብ የመሐል አገር ሰው አዲስ ነገር ነው። ለልጆች ስጦታ የሚፈልግ ሙሽበክና ሐላዋ ያገኛል።

ድልድዩ ላይ ቆም ብሎ ወንዙን ማየት ተገቢ ነው። በበጋ ወራት የሚታየው ሰፊ አሸዋ፣ በላዩ የሚራመድ ሰውና ፍየል ብቻ ነው። ወንዝ መሆኑን የማያውቅ ሰው መንገድ ሊመስለው ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን በደቻቱ የወረደው ድንገተኛ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ለሞት የዳረገ ሲሆን፣ በሺዎች የሚቆጠሩትን ደግሞ ከቤት ንብረታቸው አፈናቅሏል። ጎርፉ የመጣው ነዋሪው በተኛበት ሰዓት ነበር። በወንዙ ዳርና ዳር የነበሩ ቤቶችና የገበያ ስፍራዎች ከነሰዎቻቸው ተወሰዱ።

የአደጋው ምክንያት በከተማዋ የጣለው ዝናብ ብቻ አልነበረም። ደቻቱ ውኃውን የሚሰበስበው ከከተማዋ በስተደቡብ ካሉት የደንገጎና አካባቢው ተራሮች ነው። ደኑ የሳሳው ተዳፋት ውኃውን ስለማይዘው ከላይ የጣለው ዝናብ በአጭር ጊዜ ውስጥ ድንጋይና ደለል እየገፋ ይደርሳል። ከአደጋው በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ሆኖም ግንቡ ውኃውን በመስመሩ ይመራዋል እንጂ ተራራውን በዛፍ አያለብሰውም። ለከተማ ፕላንና ለአካባቢ ጥበቃ ኃላፊዎች ከድልድዩ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ተራሮቹን፣ ወደ ታች ደግሞ ለአሸዋው የቀረቡትን ጣሪያዎች መመልከት ከብዙ ሪፖርት የበለጠ ያስረዳል የሚል እምነት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አለው። ለጎብኚውም አንድ ማሳሰቢያ አለ። በክረምትና በበልግ ወራት የከተማዋ ሰማይ ጥርት ያለ ቢሆንም እንኳ ተራራው ላይ ደመና ከታየ አሸዋው ላይ መቆም አይገባም።

ብርታቱ ላላቸው ማለዳውን ከከተማዋ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ ወደሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ መጓዝም ይቻላል። ፈረንሳዊው ካህንና ተመራማሪ ቴያር ደ ሻርደንና ባልደረቦቻቸው ቁፋሮ ያካሄዱበት ይህ ዋሻ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎችና የግድግዳ ሥዕሎች የተገኙበት ነው። ከዋሻው ከወጡት ቅርሶች መካከል 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ከ4 ሺህ በላይ ቁራጭ ያለው ቀይና ቢጫ የቀለም አፈር ይገኝበታል። ዕድሜውም 40 ሺህ ዓመት ገደማ መሆኑን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ሽቅብ መንገዱ አድካሚ ነው፤ ያለ አካባቢው መሪና ያለ ውኃ መውጣት አይመከርም። የለጋ ኦዳ የዋሻ ሥዕሎች ከከተማዋ ራቅ ስለሚሉ ራሱን የቻለ ሌላ ቀን ይፈልጋሉ።

ከቀትር በኋላ መጋላ ታርፋለች። ብዙዎቹ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ከአወዳይ በኩል የሚመጣው ጫት ደርሶ ስለሚከፋፈል የጫት ተራው ግን በዚያው ሰዓት ይደምቃል። ጫቱ ለጅቡቲም የሚላክ ሸቀጥ ነው። ለእንግዳ የሚሻለው እንደ አገሬው ጥላ ፈልጎ ማረፍ ነው። በየቤቱ ወለል ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ወንዶች ሽርጥ አገልድመው የሚደረገው ጨዋታ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ በዚያ የተጋበዘ ሰው ጫት ባይቅምም ጨዋታውን ቢካፈል የሚከፋ የለም።

በአሥር ሰዓት ገደማ ሱቆቹ እንደገና ይከፈታሉ። ለመሸመት ለሚፈልጉ ታይዋን የሚባለው ገበያም አለ፤ ስሙ ራሱ ምን ይሸጥበት እንደነበር ይናገራል። ድሪያ፣ ሽቶ፣ ሽርጥና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በከተማዋ በስፋት ይሸጣሉ። ደረሰኝ መጠየቅ ግን መረሳት የለበትም። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ የጉምሩክ ፍተሻ ስላለ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ ባለቤቱን ያስጠይቃል፤ የመንግሥት ሠራተኛን ደግሞ ይበልጥ ያሳፍራል።

የዚህ ንግድ እናት የነበረው አሮጌው ባቡር ግን ዛሬ እንደ ቀድሞው አይደለም። የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ለብዙ ዓመታት ከጅቡቲ ሰውና ሸቀጥ ሲያመላልስ ቆይቶ አገልግሎቱ ተዳክሟል። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን ያደረገው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣናም ንግዱን በኮንቴነርና በሰነድ የሚያስተናግድ ነው። ለአገር ኢኮኖሚ የሚበጅ አሠራር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የመጋላ ነጋዴ የኖረው ከባቡር የወረደችን አንዲት ጥቅል ጨርቅ ከፋፍሎ በመሸጥ ነበር። ኮንቴነሩ በመጋላ በኩል አያልፍም። በየበረንዳው ከተዘጉት የእንጨት መዝጊያዎች አንዳንዶቹ ለቀትር ዕረፍት ብቻ የተዘጉ አለመሆናቸውን ያስተዋለ ጎብኚ ምክንያቱን በከፊል ከዚህ ያገኘዋል። አሮጌውን ጣቢያ ለማየት የሚሻ በከዚራ በኩል ሲመለስ ሊያየው ይችላል።

የድሬዳዋ ሀብት በሕንፃና በሸቀጥ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በ1950ዎቹ የአፋን ኦሮሞ ዘመናዊ ሙዚቃን ያስጀመረው የአፍረን ቀሎ የኪነት ቡድን የተመሠረተው በዚህችው ከተማ ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. ያረፈው አንጋፋው ድምፃዊ አሊ ቢራም ተወልዶ ያደገው በድሬዳዋ ነው። የኢሳ ሶማሌዎች ያልተጻፈ ሕግ የሆነው ሔር ኢሳ ደግሞ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ ጥያቄ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በመጋላ ጥላ ሥር ሁለት ሽማግሌዎች ሲሟገቱ ያየ ሰው ተራ ወሬ ላይሆን እንደሚችል ይገምት።

ሐረር ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ደቻቱ ያን ሁሉ ጉዳት ባደረሰበት በ1998 ዓ.ም. ነበር። ጀጎል ግንብ፣ መዝገብና ጠባቂ አላት። መጋላ ግን በዚያ መዝገብ ላይ የለችም። ዕድሜዋ ከአንድ ክፍለ ዘመን ብዙም የማይበልጥ በመሆኑ እንደ ቅርስ የሚያያት ጥቂት ነው። ጭቃና ድንጋይ ቤቶቿ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ የተቀቡ በሮቿና ቅስቶቿ አንድ በአንድ በመስታወትና በብሎኬት ቢተኩ የሚታወቅ ቀን አይኖረውም። ይህን ለማየት ቸኩሎ መሄድ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ሲመሽ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ሰውም ወደ ደጅ ይወጣል። የሥጋ ጥብስ፣ ሩዝና የሐረሪዎቹን ሑልባት መረቅ የሚያቀርቡ ቤቶች የሚደምቁት በዚህን ጊዜ ነው። ወደ ከዚራ የሚመለስ ባጃጅ በዋናው መንገድ ላይ እስከ ምሽት ይገኛል። ዋጋውን ከመሳፈር በፊት መነጋገር ይሻላል፤ ከውስጥ ለውስጥ መንገዶቹ ግን ሳይጨልም መውጣት ይመረጣል። ዓርብ ቀትር ላይ የጁምዓ ሶላት ስላለ በዚያ ሰዓት የሚከፈት ሱቅ ጥቂት ነው፤ ቀን መምረጥ የሚችል ቅዳሜን ይምረጥ።