በረሃብ አድማ ላይ ያሉ እስረኞችን በግዳጅ መመገብ፦ የመንግሥት ኃላፊነትና የሐኪሙ ግዴታ

የረሃብ አድማ አንድ እስረኛ ጥያቄውን ለባለሥልጣናት ለማሰማት በገዛ ፈቃዱ ምግብ ከመቀበል የሚታቀብበት የተቃውሞ ስልት ነው። አድመኛው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሚጠጣ ሲሆን፣ የሚፈልገውም ሞትን ሳይሆን ምላሽን ነው። በአንጻሩ እስር ቤቱ በእጁ የሚገኘውን ሰው ሕይወት የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች ሲጋጩ አንዳንድ መንግሥታት እስረኛውን በኃይል ይዞ በቱቦ የመመገብን መንገድ መርጠዋል። በታካሚው ፈቃድ በቱቦ ወይም በጉሉኮስ መልክ የሚሰጥ ምግብ ሕክምና በመሆኑ ከዚህ ክርክር ውጭ ነው።

ድርጊቱ በሰፊው የታወቀው በእንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1909 ለሴቶች የመምረጥ መብት ትታገል የነበረችው ሠዓሊ ማሪዮን ዋላስ ደንሎፕ በለንደን ከተማ በሚገኘው የሆሎዌይ እስር ቤት ምግብ አልቀበልም በማለቷ ከ91 ሰዓታት በኋላ ተለቀቀች። ሌሎች ታሳሪዎች አርአያዋን ሲከተሉ ግን መንግሥት በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር በበርሚንግሃም ዊንሰን ግሪን እስር ቤት በግዳጅ መመገብ ጀመረ። ጠባቂዎች የታሳሪዋን እጅና እግር ይዘው ሐኪሙ የጎማ ቱቦ በአፍንጫዋ ወይም በአፏ በኩል እስከ ጨጓራዋ ያስገባና ወተትና የተመታ እንቁላል ያፈስበታል፤ ጥርሷን ከነከሰች አፏ በብረት መሣሪያ ይፈለቀቃል። ከመቶ በላይ ሐኪሞች አሠራሩን በጽሑፍ ተቃወሙ። ሆኖም ሜሪ ሊ የተባለችው ታሳሪ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ በኸርበርት ግላድስተን ላይ ባቀረበችው ክስ ፍርድ ቤቱ የእስረኞችን ሕይወት ማዳን የእስር ቤት ሐኪሞች ግዴታ ነው ሲል ለመንግሥት ፈረደ። እ.ኤ.አ. በ1913 ደግሞ የተዳከሙ አድመኞችን ለቅቆ ሲያገግሙ መልሶ ማሰር የሚያስችል ሕግ ወጣ። ሕጉ ከትክክለኛ ስሙ ይልቅ "የድመትና የአይጥ ሕግ" በሚለው ቅጽል ስሙ ይታወቃል።

ቱቦው ሕይወት ያድናል የሚለው መከራከሪያ ሁልጊዜ በተግባር አልተረጋገጠም። አየርላንዳዊው ቶማስ አሽ በደብሊን ማውንትጆይ እስር ቤት በግዳጅ ከተመገበ በኋላ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 1917 ሞተ። በለንደን በተፈጸመ የቦምብ ጥቃት የተፈረደባቸው ዶሎርስና ማሪያን ፕራይስ የተባሉት እህትማማቾች ከ1973 መጨረሻ ጀምሮ ከ200 ቀናት በላይ በቆየው አድማቸው ወራት ለሚሆን ጊዜ በቱቦ ተመገቡ። በሌላ እስር ቤት በተመሳሳይ ሁኔታ በግዳጅ የተመገበው የ24 ዓመቱ ማይክል ጎን በጁን 1974 ሞተ። በቀጣዩ ወር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮይ ጄንኪንስ፣ የእስር ቤት ሐኪም አድመኛን በሰው ሠራሽ ዘዴ የመመገብ ግዴታ እንደሌለበት ለፓርላማ አስታወቁ። በጉዳዩ ላይ ውሳኔ የሚሰጠው አስተዳደሩ ቢሆንም ቱቦውን በእጁ የሚይዘው ሐኪሙ በመሆኑ፣ ለውጡ የመጣው ከሐኪሙ በኩል መሆኑ አያስገርምም።

የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1975 በቶኪዮ ባወጣው መግለጫ፣ ምግብ አለመብላት የሚያስከትለውን ውጤት በትክክል የሚያመዛዝን እስረኛ በሰው ሠራሽ ዘዴ እንዳይመገብ ደነገገ። የእስረኛው የማመዛዘን ችሎታ ቢያንስ በአንድ ሌላ ገለልተኛ ሐኪም መረጋገጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1991 የጸደቀውና በኋላ የተሻሻለው የማልታ መግለጫ ደግሞ ሐኪሙ አድመኛውን ለብቻው እንዲያነጋግረውና ውሳኔው በጓደኞቹ ግፊት የመጣ አለመሆኑን እንዲያጣራ ያዛል። ለተግባር ይህ ክፍል ዋነኛው ነው ማለት ይቻላል፤ እስረኛው ራሱን ከሳተ በኋላ ፈቃዱን መጠየቅ አይቻልምና።

ሕግ ግን ከሕክምና ሥነ ምግባር ጋር ሁልጊዜ አልተጓዘም። የስፔን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 እስረኛው በመንግሥት ጥበቃ ሥር በመሆኑ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሲወድቅ ያለ ፈቃዱ መመገብ እንደሚቻል ወሰነ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም ሕይወት ለማዳን የሚደረግን አመጋገብ በጥቅሉ አልከለከለም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2005 በዩክሬን ላይ በቀረበ ክስ፣ የሕክምና አስፈላጊነቱ ሳይረጋገጥ በእጅ ሰንሰለት፣ በአፍ መፈልቀቂያና በጎማ ቱቦ የተፈጸመውን ድርጊት ማሰቃየት ሲል ፈርጆታል። እንዲህ ባለው ፍርድ ቤት ፊት አስፈላጊነቱን በማስረጃ ማስረዳት የሚጠበቀው ከመንግሥት ነው።

በአሜሪካው የጓንታናሞ እስር ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ከ166 እስረኞች መካከል 106 ያህሉ በአድማ ላይ እንደነበሩ የጦር ኃይሉ የገለጸ ሲሆን፣ ከ40 በላይ የሚሆኑት በማሰሪያ ወንበር ላይ ሆነው በአፍንጫቸው እንዲመገቡ ተደርጓል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ለመከላከያ ሚኒስትሩ በጻፈው ደብዳቤ ተቃውሞውን ገልጿል። በቀጣዩ ዓመትም አንድ የባሕር ኃይል ነርስ በሥራው አልሳተፍም ብሏል።

የእስራኤል ፓርላማ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2015 በ46 ድጋፍና በ40 ተቃውሞ ባጸደቀው ሕግ በግዳጅ መመገብ በፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲፈጸም ቢያስችልም፣ ሐኪሙን ግን አያስገድድም። የአገሪቱ የሐኪሞች ማኅበር አባላቱ እንዳይተባበሩ ጥሪ ያቀረበ ሲሆን፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2016 ሕጉን አጽንቶታል። ፍልስጤማዊው ኻድር አድናን ለ86 ቀናት ያህል ምግብ ሳይቀምስ ቆይቶ እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2023 በእስር ላይ እያለ ሲሞት ይኸው ሕግ በሥራ ላይ ነበር።