ብረቱ አልነሳ ሲል

ቤንች ፕሬስ ላይ የተኛው ወጣት ዘጠነኛውን ጨርሶ ብረቱን ለአሥረኛ ጊዜ ወደ ደረቱ አወረደ። መልሶ ሲገፋው ብረቱ እስከ እኩሌታ ወጣና ተገታ። ክርኖቹ ተንቀጠቀጡ፤ ቀኝ እጁ ከግራው ቀድሞ ብረቱ ተንጋደደ። ከራስጌው የቆመው ጓደኛው «አይዞህ! በርታ! የመጨረሻ ናት!» ይለዋል። ሁለት ሦስት ሰከንድ እንዲሁ ቆዩና ብረቱ ቁልቁል መመለስ ሲጀምር ጓደኛው በሁለት እጁ ተቀብሎ መስቀያው ላይ አሳረፈው። ወጣቱ መግፋቱን አላቆመም ነበር። ያቆሙት ጡንቻዎቹ ናቸው።

ይህችን ቅጽበት እንግሊዝኛው «መስኪውላር ፌይለር» ይላታል። በአማርኛ «የጡንቻ እምቢታ» ብትባል ትክክለኛ ስሟን ታገኛለች። ትርጓሜዋም ይህ ነው፦ ሰውየው ባለ በሌለ ኃይሉ እየሞከረ፣ አቋሙን ሳያበላሽ አንድ ተጨማሪ ድግግሞሽ መጨረስ የሚያቅተው ጊዜ።

«ውድቀት» ለምን አልሆነም? ውድቀት የፈተና፣ የንግድ፣ የመንግሥት ነው፤ ወጣቱ ግን አሥረኛው ላይ አልወደቀም፣ ዘጠኝ ጊዜ አንስቷል። «ክሽፈት»ም አይሆንም። የከሸፈ ጥይት ከመነሻው ያልሠራ ነው። «ዝለት» ደግሞ ከመጀመሪያው ድግግሞሽ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ነገር ስለሆነ መጨረሻውን ነጥሎ አያሳይም። አማርኛ ግን ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጀ አነጋገር አለው። መኪናው አልነሳ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ ይባላል። ባለቤቱ እየፈለገ ነገሩ እምቢ ሲል ማለት ነው፤ የሚፈለገው ትርጉምም ይኸው ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሰው ብረቱን የሚያስቀምጠው ጡንቻው እምቢ ስላለ ሳይሆን ማቃጠሉ ስላሰለቸው ነው። ያ የሰውየው እምቢታ እንጂ የጡንቻው አይደለም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቶማስ ዴሎርም የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም ቺካጎ በሚገኘው ጋርዲነር ሆስፒታል ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮችን በከባድ ክብደት ያሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 (የሚከተሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጽሑፍ የክብደቱን መጠን የለካው በእምቢታ ነው፦ አሥር ጊዜ የሚነሳ፣ አሥራ አንደኛው ግን የማይቻል። በ1970ዎቹ ደግሞ የኖቲለስ መሣሪያዎች ፈጣሪ አርተር ጆንስ አንድ ዙር፣ ማለትም ሳያርፉ በተከታታይ የሚሠራ ድግግሞሽ፣ እስከ እምቢታ ድረስ ከተሠራ በቂ ነው ብሎ ተነሳ። ከ1992 እስከ 1997 ስድስት ጊዜ በተከታታይ በሰውነት ግንባታ ውድድር ሚስተር ኦሊምፒያ የሆነው እንግሊዛዊው ዶሪያን ያትስም በጥቂት ግን እስከ መጨረሻው በሚገፉ ዙሮች ይታወቃል። ከዚህ በኋላ በየጂሙ «እምቢ እስኪል ካልሠራህ አልሠራህም» የሚለው እምነት ሰፈነ።

እምነቱ ግማሽ እውነት አለው። ጡንቻ የሚታዘዘው በቡድን በቡድን ነው፤ አንድ የነርቭ ሕዋስ የራሱን የጡንቻ ክሮች ያዝዛል። ኤልውድ ሄነማን የተባለው ተመራማሪ እንዳሳየው ሰውነት መጀመሪያ የሚጠራው ትንንሾቹን ቡድኖች ነው። ብርቱ ኃይል ያላቸው፣ የማደግ አቅማቸውም ከፍ ያለው ትልልቆቹ የሚጠሩት ሥራው ሲከብድ ብቻ ነው። ከባድ ብረት ገና ከመጀመሪያው አብዛኞቹን ይጠራቸዋል። ቀላል ብረት ግን ቀድመው የገቡት እስኪዝሉ ድረስ ትልልቆቹን አይፈልጋቸውም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ጉዳዩ የሚቀርበው እዚህ ላይ ነው። በየሰፈሩ በሁለት ጣሳ ሲሚንቶ ተሞልቶ፣ በመሃል ቧንቧ ተሰክቶበት የተሠራ ክብደት የማያውቅ ጥቂት ነው። ጂም ውስጥ ብረት ይጨመራል፣ ይቀነሳል፤ ሲሚንቶው ግን አንዴ ከደረቀ ደረቀ። ከሁለት ወር በኋላ ባለቤቱ ሲጎለብት ክብደቱ ያው ነው። ታዲያ ይህ ወጣት ልፋቱ ከንቱ ነው?

አይደለም። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት ወጣት ወንዶችን ለ10 ሳምንት የጭን ጡንቻ አሠርተው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሱት ከሚችሉት ክብደት 30 በመቶውን እስከ እምቢታ ሦስት ዙር የሠራ እግርና 80 በመቶውን ሦስት ዙር የሠራ እግር ጡንቻቸው ተቀራራቢ ሆኖ አደገ። ከባድ ነገር አንድ ጊዜ በማንሳት ግን በከባዱ የሠለጠነው በለጠ። በኋላም የብራዚል ተመራማሪዎች ጥያቄውን ገልብጠው ጠየቁ፦ እምቢታው ቢቀርስ? በ80 በመቶ የሠሩት ጡንቻቸው እምቢ ሳይል ቢያቆሙም እድገታቸው ያው ሆነ። በ30 በመቶ የሠሩት ግን ቀደም ብለው ሲያቆሙ የጡንቻቸው እድገት አነሰ። ስለዚህ ባለ ሲሚንቶው ወጣት በጣሳው 12 ቆጥሮ ማቆሙ ብዙም አይጠቅመውም። 25ም ይሁን 30፣ ክንዱ አልታጠፍ እስኪል ወይም ሊል እስኪቃረብ መቀጠል ይኖርበታል። ከባድ ብረት ያለው ግን ያን ያህል አይገደድም።

በ2022 አሥራ አምስት ጥናቶችን በአንድ ላይ ያየ ትንተናም በአጠቃላይ እስከ እምቢታ በሠሩና ቀድመው ባቆሙ መካከል በጥንካሬም ሆነ በጡንቻ መጠን ጉልህ ልዩነት አላገኘም። በ2024 የወጣ ሰፊ ትንተና ነገሩን ይበልጥ አጠራው። ለጡንቻ መጠን ወደ እምቢታ መቅረብ ይረዳል፤ ለጥንካሬ ግን ቅርበቱ እምብዛም ለውጥ አያመጣም።

እምቢታ ዋጋም ያስከፍላል። እስከ እምቢታ የተሠራ ዙር የሚቀጥሉትን ዙሮች ያዳክማል፤ ለማገገምም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ብቻውን ቤንች ፕሬስ የሚሠራ ሰው ብረቱ ደረቱ ወይም አንገቱ ላይ ሊቀርበት ይችላል፤ ይህም ሰው ሊሞትበት የሚችል አደጋ ነው። ብረት ትከሻ ላይ ይዘው ቁጢጥ ብለው በሚነሱበት በስኳትም እንደዚያው ደጋፊ ብረት ወይም ሰው ያስፈልጋል። ለጀማሪ ሌላም ስጋት አለ፦ ያልለመደ ጡንቻ በአንድ ቀን ከልክ በላይ ሲገፋ ሊፈርስና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

እንግዲህ እምቢታን ሳይነኩ ወደ እሱ መቅረብ እንዴት ይቻላል? እዚህ ላይ ሁለተኛ ቃል ያስፈልጋል፦ «መጠባበቂያ ድግግሞሽ»። ዙሩ ሲቆም ጡንቻው እምቢ ከማለቱ በፊት ስንት ይቀረው ነበር ማለት ነው። ማይክ ዙርዶስ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2016 ባወጡት መለኪያ 10 ማለት ምንም አልቀረም፣ 9 አንድ ቀረ፣ 8 ሁለት ቀሩ ማለት ነው። በአማርኛ ቁጥሩን መገልበጥም አያስፈልግም፤ ጓደኛው «ስንት ይቀርሃል?» ቢለው ይበቃል። ከአንድ እስከ ሦስት የሚል መልስ ለአብዛኛው ሰው መልካም ማቆሚያ ነው።

መልሱ ግን ልምድ ይፈልጋል፤ ብዙዎች ገና እየቻሉ አለቀልኝ ይላሉ። ማረሚያው ቀላል ነው። በየጥቂት ሳምንቱ፣ ቢለቁት በማይጎዳ እንቅስቃሴ ላይ፣ ለምሳሌ ክንድ በማጠፍ ወይም በፑሽ አፕ፣ አቆማለሁ በሚባልበት ቦታ ግምቱን ጮክ ብሎ ተናግሮ መቀጠል ነው። ሁለት ቀረኝ ብሎ ስድስት የሠራ ሰው፣ እስካሁን የሠራቸው ዙሮች ሁሉ በአራት ያህል ሲጎድሉ እንደነበር ያውቃል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያቆምበትን ቦታም ከዚያ ተነስቶ ይወስናል።